«አሳማ የለበትም» ካልን በኋላስ? የታሸገ ሳንዱችና ጤናችን



በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን የምንነጋገረው ብዙዎቻችን ሳንበላው የማንውለው፣ ግን ቆም ብለን ያላሰብንበት ምግብ ነው። እሱም በፕላስቲክ ታሽጎ በየነዳጅ ማደያው፣ በየአየር ማረፊያው፣ በየሆስፒታሉ ካፍቴሪያና በየሱቁ ፍሪጅ ተደርድሮ የምናገኘው ሳንዱች ነው።

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች አኗኗራችን ይታወቃል። ታክሲ የሚነዳው ወንድም ደንበኛ እንዳያመልጠው መኪናው ውስጥ ሆኖ ይበላል። ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው ከዳሱ ወጥቶ ምግብ ፍለጋ መሄድ አይችልም። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራው እህት የምታገኘው እረፍት ግማሽ ሰዓት ነው። በዚህ ሁኔታ የታሸገው ሳንዱች ፈጥኖ ደራሽ ነው። አንስተን ገልበጥ አድርገን እናያለን፤ «አሳማ አለበት?» ብለን እንጠይቃለን። ካለበት እንመልሰዋለን። የሥጋው ነገር ካጠራጠረን ደግሞ ቱናውን፣ እንቁላሉን ወይም ቺዙን እንመርጣለን። ከዚያም ከፍለን እንወጣለን፤ ምርመራችን በዚሁ ያበቃል።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የመጀመሪያውም ጥያቄ መሆን ይገባዋል። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ግን የመጨረሻው ጥያቄ እንዳይሆን ማሳሰብ ነው። ምክንያቱም አሳማ የሌለበት ምግብ ሁሉ የደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ የአንጀት በሽታንና የምግብ መመረዝን አያመጣም ማለት አይደለም። በሃይማኖታችን «ሐላል» ከሚለው ቃል ጎን «ጠይብ» የሚል ቃል መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ሁለተኛው ግን በቂ አንነጋገርም።

1. ሳንዱቹ ለቀናት የሚቆየው እንዴት ነው?

እቤታችን የሠራነው ሳንዱች በማግሥቱ ዳቦው ይደርቃል፤ ሰላጣው ይጠወልጋል፤ ቲማቲሙም ዳቦውን ያረጥበዋል። የፋብሪካው ግን ተሠርቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ በሱቅ ተደርድሮ ቀናት ካለፉት በኋላም እንደ ትኩስ ሆኖ ይታያል። የታሸገ ሳንዱችን በሱቅ መሸጥ በእንግሊዝ አገር በሰፊው የተለመደው፣ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ከጀመረው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች ሳንዱችን ለማቆየት በሦስት ነገሮች ይጠቀማሉ።

አንደኛው ቅዝቃዜ ነው። ሁለተኛው የማሸጊያው አየር ነው። በብዙዎቹ እሽጎች ውስጥ ኦክሲጅኑ ተቀንሶ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ይህ በራሱ ጤናን አይጎዳም። ሦስተኛው በምግቡ ውስጥ የሚጨመረው ነው። ሥጋው እንዳይበላሽ ጨውና ናይትራይት፣ ዳቦው ሻጋታ እንዳይዝ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት፣ ልስላሴው እንዲቆይ ኢመልሲፋየር የሚባሉ ንጥረ ነገሮች፣ ማዮኔዙ እንዳይለያይ ስታርችና ሙጫ መሰል ነገሮች ይገቡበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። እነዚህ ሁሉ መርዝ ናቸው ማለታችን አይደለም። በመንግሥት የተፈቀዱ ናቸው፤ አንድ ቀን ተርቦ አንድ ሳንዱች የበላ ሰውም አይታመምም። ችግሩ ያለው በልማዱ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት ከሁለት መቶ ቀን በላይ ይህንኑ ስንበላ የሚጠራቀመውን ነው የምናስበው።

2. የማይታየው ጨው

ሳንዱች ስንበላ ጨው ጨው አይለንም። የዳቦው ልስላሴና የማዮኔዙ ቅባት ጨዋማነቱን ይሸፍኑታል። እስቲ አንድ የተለመደ የተርኪና የቺዝ ሳንዱች በምሳሌ እንደምር። ሁለት ቁራጭ ዳቦ 300 ሚሊ ግራም ሶዲየም፣ 60 ግራም የሚሆን የተርኪ ሥጋ 600፣ አንድ ቁራጭ ቺዝ 250፣ ማዮኔዝ፣ ሰናፍጭና በአቼቶ የተዘፈዘፈ ዱባ መሰል አትክልት 150 ቢኖራቸው፣ ድምሩ 1,300 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይሆናል። ከዚህ ያነሰም የበዛም አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም በታች ነው። ይህም 5 ግራም ጨው፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ሳንዱች ብቻ ከቀኑ ድርሻ ግማሹን አልፎ ሄደ። ከጎኑ ቺፕስ ካለ፣ ማታም ወጡና ሽሮው ከጠበቀን ሂሳቡን ራሳችሁ አስሉት።

ጨው ሲበዛ ሰውነታችን ውኃ ይይዛል፤ በደም ሥሮቻችን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። የደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ልቡ፣ ኩላሊቱና የአንጎሉ የደም ሥሮች ለዓመታት ይጎዳሉ። አንዳንዱ ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው ስትሮክ ከጣለው በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚሠራ፣ እንቅልፉ ለተዛባና ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ጊዜ ለሌለው ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በረመዳን ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ለስሑር ጊዜ ያጠረው ሰው የታሸገ ሳንዱች በልቶ ቢነይት፣ ጨው የበዛበት ምግብ ጥማቱን ያብስበታል። ቀኑም ይረዝምበታል።

3. የተቀነባበረ ሥጋ

በጨው፣ በናይትራይት፣ በጭስ ወይም በመሳሰለው መንገድ እንዲቆይና ጣዕሙ እንዲለወጥ የተደረገ ሥጋ ሁሉ የተቀነባበረ ሥጋ ይባላል። ሳላሚ፣ ሞርታዴላ፣ ሆት ዶግ፣ ፓስትራሚ፣ እንዲሁም ለሳንዱች ስስ ሆኖ የሚቆራረጠው የበሬ ሥጋና ተርኪ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ከ10 አገሮች 22 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ጥናቶችን አስመርምሮ ነበር። የደረሱበት መደምደሚያ የተቀነባበረ ሥጋ በሰው ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰርን እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ የሚል ነው። በየቀኑ የሚበላ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ በዚህ ካንሰር የመያዝን ዕድል በ18 በመቶ ገደማ እንደሚጨምርም ገመቱ። 50 ግራም ማለት በአንድ ሳንዱች ውስጥ ያለው ሥጋ ነው።

ይህ ቁጥር ሲነገር ሰዎች ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራሉ። አንዱ ይደነግጣል፤ ሌላው ይንቀዋል። በመቶኛ የተነገረው ጭማሪ እንዲህ ነው የሚታሰበው። በአሜሪካ ከ100 ሰዎች 4 ያህሉ በዕድሜያቸው ይህ ካንሰር ይይዛቸዋል። በ18 በመቶ ቢጨምር ወደ 5 ገደማ ይሆናሉ። ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ በአንድ መስጂድ ለጁሙዓ ለሚሰበሰብ ሕዝብ ግን ትንሽ አይደለም። ደግሞም ካንሰሩ በዘር ያለበት ቤተሰብ ዕድሉ ከዚህ የበለጠ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። ሐላል ተብሎ ማኅተም የተመታበት የታሸገ ሞርታዴላ ወይም ተርኪ፣ እንስሳው በሸሪዓው ታርዷል ማለት እንጂ ጨውና ናይትራይት የለበትም ማለት አይደለም። ከሐላል ሥጋ ቤት የገዛነው ሆት ዶግም ያው የተቀነባበረ ሥጋ ነው። ማኅተሙ የሚመልሰው አንዱን ጥያቄ ነው፤ ሌላውን እኛው ማንበብ አለብን።

ሌላም ማታለያ አለ። «ናይትራይት አልተጨመረበትም» የሚል ጽሑፍ ያለበትን እሽግ አዙራችሁ ብታነቡ ብዙ ጊዜ የሴለሪ ዱቄት ወይም የሴለሪ ጭማቂ የሚል ታገኛላችሁ። ሴለሪ በተፈጥሮው ናይትሬት የበዛበት አትክልት ነው። ለሥጋው የሚሰጠውም ያንኑ ናይትራይት ነው።

4. ሳንጠግብ መወፈር

ብዙ ሰው «አንድ ሳንዱች በላሁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራበኝ» ሲል ይሰማል። ነጩ የፋብሪካ ዳቦ ገለባው ከወጣለት ዱቄት የተሠራ ስለሆነ ፋይበር የሚባለው አሰር ያንሰዋል። ብዙ ማኘክ አይፈልግም፤ ቶሎ ይዋጣል፤ ቶሎም ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ ይገባል።

በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። 20 ሰዎች በሆስፒታሉ ውስጥ ተቀምጠው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዛት የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ከጥሬ ዕቃው የተሠራ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በቅባት፣ በጨውና በፋይበር ተመጣጣኝ እንዲሆን ተደርጓል፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዶላቸዋል። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም በአማካይ ወደ 0.9 ኪሎ ጨመሩ። በሌላኛው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። የፋብሪካውን ምግብ ሲበሉ ፍጥነታቸውም የበለጠ ነበር።

ሳንዱቹም ብቻውን አይሸጥም። ከቺፕስና ከለስላሳ መጠጥ ጋር በቅናሽ ዋጋ ይሰጠናል። በአሜሪካ የሚሸጥ አንድ ቆርቆሮ መደበኛ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ አስር የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ማለት ነው። ስኳር በሽታ ላለበት ወይም በቤተሰቡ ለሚገኝ ሰው ያ ቅናሽ ውድ ነው።

5. ቅዝቃዜ ሁሉንም አይገታም

ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ምንም አይሆንም ብለን እናስባለን። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ግን በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥም ይራባል፤ ማቀዝቀዣው በረዶ ቢያደርገውም አይሞትም። በደንብ ሲሞቅ ግን ይሞታል። ሳንዱች ደግሞ ሳይሞቅ የሚበላ ምግብ ነው።

በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ፖሎኒ ከሚባል፣ ሞርታዴላ ከሚመስልና በዳቦ ከሚበላ ሥጋ በተነሳ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞተዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 ለሆስፒታል ሕሙማን ከቀረበ የታሸገ ሳንዱች ጋር በተያያዘ በሽተኞች ሕይወታቸው አልፏል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 በቨርጂኒያ ካለ አንድ የሥጋ ፋብሪካ ጋር በተያያዘ 61 ሰዎች ታመው 10 ሞተዋል። ሰላጣውም ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በኢ. ኮላይ የታመሙ ሰዎች ጉዳይ ሲመረመር በታሸጉ ሳንዱቾች ውስጥ ካለ ሰላጣ ጋር ተያይዟል።

እንዲህ ያለው ክስተት ዘወትር አይደርስም። ነገር ግን ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ይህን አጥብቀው ይስሙ። ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ሰው ይልቅ በሊስቴሪያ የመያዝ ዕድሏ 10 እጥፍ ገደማ ነው። እናቲቱ ቀላል ትኩሳትና ቁርጥማት ብቻ ሊሰማት ይችላል፤ በሆዷ ላለው ልጅ ግን ውርጃ ወይም ሞት ሊያመጣ ይችላል። ምልክቱ ከተበላ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሳንዱቹን ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ወላጆቻችን፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉና ሰውነታቸው በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰዎች ቀዝቃዛ የተቀነባበረ ሥጋ ያለበትን ሳንዱች ባይበሉ ይመረጣል። የግድ ከሆነም ሥጋው 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 165 ዲግሪ ፋራናይት፣ እስኪደርስና እንፋሎት እስኪወጣው ይሙቅ።

ለታክሲ ነጂዎችም አንድ ቃል አለን። ጠዋት የተገዛ ሳንዱች በመኪና ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ አንድ ሰዓትም ይበዛል። በበጋ የቆመ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት እናንተው ታውቁታላችሁ። «በማይክሮዌቭ አሞቀዋለሁ» ማለትም አያድንም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግቡ ላይ የሚተዉት መርዝ ቢሞቅም አይጠፋም። ለዶላሩ ሳትሳሱ ጣሉት።

6. ቱናውና ቺዙስ?

የሥጋውን ሸሽተን የምንመርጠው የቱና፣ የእንቁላል ወይም የቺዝ ሳንዱች ከተቀነባበረ ሥጋ ያድነናል። ይህ ጥሩ ነው። ሆኖም ማዮኔዙ ካሎሪውን ከፍ ያደርገዋል፤ ጨውም ቢሆን በቺዙና በዳቦው ውስጥ አለ። ለነፍሰ ጡሮችም ከነጩ ቱና ይልቅ ሜርኩሪ የሚያንሰው «ላይት» የተባለው ቱና ይሻላል።

ከሐላል አንጻርም ቢሆን ሥጋ አለመኖሩ ብቻ ጥያቄውን አይዘጋም። በዳቦው ውስጥ ያለው ሞኖ ግሊሰራይድና ዳይግሊሰራይድ፣ በአውሮፓ ኢ 471 ተብሎ የሚጻፈው፣ ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊሠራ ይችላል። ጄላቲን ከእንስሳ ነው፤ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይጻፍም። ቺዝ የሚያረጋው ሬኔትም ከጥጃ ጨጓራ ወይም ከእንስሳ ካልሆነ ምንጭ ሊመጣ ይችላል። የእያንዳንዱን ብይን ለዑለማዎቻችን እንተወውና፣ ከጽሑፉ መለየት ካልቻልን «ለአትክልት ተመጋቢዎች የሚሆን» የሚለው ምልክት የንጥረ ነገሩን ምንጭ ለማወቅ ይረዳል እንላለን።

7. ጽሑፉን እንዴት እናንብበው?

የእሽጉ ጀርባ ረጅም ቢመስልም አራት ነገር ብቻ ፈልጉ።

ሀ. የአንድ ጊዜ ድርሻ ስንት ነው? አንዳንዱ እሽግ ሁለት ድርሻ ተብሎ ይጻፋል። ሙሉውን ከበላችሁ ሁሉንም ቁጥር በሁለት አባዙት።

ለ. ሶዲየም ስንት ነው? በአሜሪካ እሽግ ላይ ከቁጥሩ ጎን ያለው መቶኛ 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዝቅተኛ፣ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። በአውሮፓ የሚጻፈው ጨው ስለሆነ ግራ እንዳይገባችሁ፤ ሶዲየምን በ2.5 ስታባዙ ጨው ይሆናል።

ሐ. ፋይበርና ሳቹሬትድ ፋትስ? የመጀመሪያው ሲበዛ፣ ሁለተኛው ሲያንስ ይሻላል። ቀድሞ እጅግ ያሳስብ የነበረው ትራንስ ፋት ዋና ምንጩ የሆነው ዘይት በአሜሪካ ምግብ ውስጥ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2015 ተወስኖ ከ2018 ጀምሮ ተግባራዊ ስለሆነ በዚያ አገር ችግሩ ቀልሏል።

መ. ቀኑ መቼ ነው? ቀኑ ያለፈበትን፣ እሽጉ ያበጠውን፣ ፍሪጁ ቀዝቃዛ ያልሆነውን ሱቅ ሳንዱች አትግዙ።

8. ታዲያ ምን እንብላ?

«አትብሉ» ብሎ ዝም ማለት የሥራን ጸባይ አለማወቅ ነው። ስለዚህ የሚቻለውን እንጠቁም።

ከሁሉም የሚሻለው ከቤት ይዞ መውጣት ነው። ማታ ለቤተሰብ ዶሮ ስትጠብሱ ወይም ሥጋ ስትቀቅሉ ትንሽ ጨምሩና ለነገ አስቀሩ። ካልተፈተገ ስንዴ በተሠራ ዳቦ ውስጥ ያንን ሥጋ በሰላጣ፣ በቲማቲምና በቃሪያ አድርጋችሁ ያዙ። ሥጋ ከሌለ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተፈጨ ሽምብራ፣ ወፍራም የምስር ወጥ ወይም አቮካዶ በዳቦ ይሆናል። ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጥቂት ተምር ጣታችንን ሳያቆሽሹ በመኪና ውስጥ የሚበሉ ናቸው። አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ በሶና ቆሎ የሚቋጥሩት በከንቱ አልነበረም። ምግቡ በትንሽ ቦርሳ ውስጥ ከበረዶ ጥቅል ጋር ይቀመጥ። የጨው ነገር በቤታችንም እንደሚያገባን አንርሳ፤ ወጡ ላይ ጨው የምትበትን እጅ ትቀንስ።

መግዛት የግድ ሲሆን ደግሞ የታሸገውን ትታችሁ ፊታችሁ የሚሠራውን ምረጡ፤ አትክልት እንዲበዛ፣ ማዮኔዝ እንዲቀር መጠየቅ ይቻላል። የታሸገውን ከገዛችሁም ሥጋ የሌለበትንና ሶዲየሙ ያነሰውን ምረጡ፤ ከጎኑ ቺፕስና ለስላሳ ሳይሆን ፍራፍሬና ውኃ ይሁን። በሳምንት አምስት ቀን የነበረው ወደ አንድ ቢወርድ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው።

ወላጆች ደግሞ ለልጆች ምሳ ተብለው በሚያማምሩ ሳጥኖች የሚሸጡትን የተቆራረጠ ሥጋና ብስኩት ያዙ እሽጎች ልብ በሉ። ልጅ በሰባት ዓመቱ የለመደውን ጣዕም በሠላሳ ዓመቱም ይፈልገዋል። ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁም ምግብ አስተካከልን ብላችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሐኪማችሁን አማክሩ። ግፊታችሁን ለክታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት ተለኩ። በብዙ ፋርማሲዎች በነፃ ይለካል።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ ከዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃናል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍሪጁ ፊት ቆማችሁ ሳንዱቹን ስትገለብጡ «አሳማ አለበት?» ካላችሁ በኋላ ወዲያው አትመልሱት፤ ወዲያውም አትክፈሉ። ሦስት ጥያቄ ጨምሩ፦ «ጨዉ ስንት ነው? ሥጋው የተቀነባበረ ነው? በዚህ ሳምንት ይሄ ስንተኛዬ ነው?» ያ ምርመራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ አገር የምንለፋው ለልጆቻችን፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችንና ለነገ ኑሯችን ነው። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ግን ይህ አንድ አካል ነው፤ እሱም አማና ነው። አላህ ከጤና ጋር ያኑረን።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።